ቱርቦ ነው ወይስ ተርቦ? የቱርቦ ልጆች ፊደላት ግራ ያጋባችሁ ግቡ

ቀይ_ሃይሉክስ · ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ጎበዝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ባህር ዳር ነኝ፣ ቀበሌ 14 አካባቢ። ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ ሃይሉክስ ገዛሁ። 3.0 ዲፎርዲ ነው፤ ያ ኮፈኑ ላይ አፍንጫ ያለው።

ስለ መኪና ትንሽ ልወቅ ብዬ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገባሁ። ልጆቹ ደጎች ናቸው። ጠይቄ ያልመለሱልኝ የለም። ችግሩ መልሱ ነው። ትናንት የተጻፈልኝ ቃል በቃል ይኸውላችሁ፦ «ወንድሜ በዚህ ፒኤስአይ ኤፍኤምአይሲ ካልገባ ኢጂቲው ይፈጅሃል፤ ዌስትጌቱን ተወው፣ ቢኦቪ አስገባና ስፑሉን እየው።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የገባችኝ «ይፈጅሃል» የምትለዋ ብቻ ናት።

የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነበር። ቅዳሜ ለለቅሶ ደብረ ታቦር ስሄድ፣ ወረታን አልፌ ዳገቱን ስጀምር መኪናው ጉልበት አጣ። ነዳጅ ስረግጥ ጥቁር ጭስ ብቻ። የተጫነ ሲኖትራክ ቀደመኝ። ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እጁን አውለበለበልኝ።

ተርቦው ይሆን እንዴ? ቢኦቪ ነው መፍትሔው ተብዬ 4,500 ብር ከፍዬ ከአዲስ አበባ አዝዣለሁ። ነገ በአውቶቡስ ይደርሳል። እስከዚያ እነዚህን ፊደላት በአማርኛ አስረዱኝ።

ቪትዝ_ብቻ · ሰኞ ማታ 2፡21

መኪናህ ተርቦ ከሆነ አብላው። ቱርቦ ከሆነ ሌሎቹ ይመልሱልሃል።

ጄዲኤም_ጣና · ሰኞ ማታ 2፡50

ያን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ወንድሜ፣ ስልክ ላይ ሆኜ በችኮላ ነው። አሁን ቀስ ብዬ ላስረዳህ።

ከስሜ ልጀምር። ጄዲኤም ማለት ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ ተብሎ የተሠራ መኪና ማለት ነው። እኔ ራሴ መኪና የለኝም፤ ባጃጅ ነው የምሳፈረው። ኤንኤ የሚሉት ደግሞ ቱርቦ የሌለው፣ በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚሠራ ሞተር ነው። የቪትዝ_ብቻ መኪና ኤንኤ ነው። ለዚህ ነው የሚያሾፈው።

ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ የተተከሉ ሁለት ትንንሽ ፋኖች ናቸው። አንዱን የሚያሽከረክረው ወደ ማርሚታ የሚወጣው ጭስ ነው። ሌላው ንጹሕ አየር እየሳበ ወደ ሞተሩ ይጠቀጥቃል። የጭሱ ወገን «ሆት ሳይድ»፣ የአየሩ ወገን «ኮልድ ሳይድ» ይባላል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይዞራል፤ በትንንሾቹ ቱርቦዎች ላይ 200,000 የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ይህን ዘንግ ተሸክሞ የያዘው ስስ የዘይት ሽፋን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። እኔ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ቡስት ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት ነው፤ ፒኤስአይ ደግሞ የግፊቱ መለኪያ። ስፑል ማለት ፋኑ ፍጥነት ይዞ ቡስት መስጠት መጀመሩ ነው። ላግ ደግሞ ነዳጅ ረግጠህ ጉልበቱ እስኪመጣ የምትጠብቃት ጊዜ። ጣና ላይ በሞተር ጀልባ ሄደህ ታውቃለህ? ልጁ ነዳጁን ሰጥቶት አፍንጫዋ ከውኃው እስክትነሳ ያለችው ቅጽበት፣ እሷ ላግ ናት።

ዌስትጌት የጭሱ መንገድ ላይ ያለች በር ናት። ቡስቱ ከልክ ሲያልፍ ትከፈትና ጭሱ ፋኑን ሳይነካ በጎን ያልፋል።

ኢንተርኩለር የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ብስክሌት ስትነፋ ፓምፑ እንደሚግለው፣ ቱርቦም የጠቀጠቀው አየር ይግላል። የጋለ አየር ደግሞ ቦታ ይይዛል እንጂ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። ኤፍኤምአይሲ ከሆነ ከፊት ራዲያተሩ ጋር ነው የተቀመጠው። ኤስኤምአይሲ ከሆነ በጎን። ቲኤምአይሲ ከሆነ ሞተሩ አናት ላይ። ያንተ ኮፈን ላይ ያለችው አፍንጫ የተበጀችው ለዚህ ለሦስተኛው ነው።

ኢጂቲ የጭሱ ሙቀት ነው። ከመጠን ሲያልፍ ፒስተንም ቱርቦም ይበላል።

ቢኦቪ ደግሞ ነዳጅ ስትለቅ የታመቀውን አየር «ፕሽሽሽ» አድርጋ የምታስወጣ ቫልቭ ናት። ድምጿ ነው ልብ የሚሰርቀው።

ጥቁር_እጅ · ሰኞ ማታ 3፡30

ጄዲኤም ጥሩ አድርገህ አስረድተሃል። ቢኦቪው ላይ ግን ልጁን በከንቱ 4,500 ብር አስከፈልከው።

ቢኦቪ የቤንዚን ዕቃ ነው። ቤንዚን መኪና አየር መግቢያው ላይ የምትከፈትና የምትዘጋ ቢራቢሮ አለችው። እግርህን ከነዳጅ ላይ ስታነሳ ቢራቢሮዋ ትዘጋለች። ቱርቦው ግን ገና በፍጥነት እየዞረ ነው። የገፋው አየር በሩ ተዘግቶበት ወደ ራሱ ይመለሳል። ያ «ስቱቱቱቱ» የሚል ድምጽ እሱ ነው፤ ሰርጅ ይሉታል። ቢኦቪ ያንን አየር ወደ ውጭ ትለቃለች። መልሳ ወደ ቱርቦው መግቢያ የምታዞረው ደግሞ ቢፒቪ ወይም ዳይቨርተር ትባላለች። ብዙ ቱርቦ ቤንዚን መኪኖች ከፋብሪካ ይዘው የሚወጡት ይህቺን ነው። ድምጽ የላትም፣ ሥራዋን ግን ትሠራለች።

ናፍጣ እንዲህ አይደለም። የናፍጣ ጉልበት የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ መጠን ነው። አየሩ እንደልቡ ይገባል። የሚዘጋ በር ከሌለ የሚመለስ አየር የለም፤ ስለዚህ ቢኦቪዋ የምትሠራው ሥራ የላትም። እንድትጮህ ብቻ በኤሌክትሪክ የሚከፍቷት አሉ። ያ ማለት ቱርቦህ የለፋበትን አየር ሜዳ ላይ መድፋት ነው። ጥቁር ጭስህ ይብሳል እንጂ አይሻልም።

«ዌስትጌቱን ተወው» ያለህ ግን ልክ ነው። የለህማ! ያንተ ሞተር 1ኬዲ ነው። ቱርቦው ቪኤንቲ ነው፤ አንዳንዱ ቪጂቲ ይለዋል። በጭሱ ወገን ቀጫጭን ክንፎች ዙሪያውን ተደርድረዋል። በትንሽ ዙር ይጠባሉና ጭሱ ፈጥኖ ይመታል። በትልቅ ዙር ይከፈታሉ። ውኃ በጎማ ስታጠጣ ጫፉን በአውራ ጣትህ እንደምትይዘው አድርገህ አስበው። በሽታው አንድ ነው፦ ጥላሸት። ከተማ ውስጥ ብቻ ሲነዳ ክንፎቹ በካርቦን ይያዛሉ። ያኔ ወይ ቡስት ያንሳል፣ ወይ ይበዛል። ኮምፒውተሩም ይደነግጥና ሊምፕ ሞድ ውስጥ ያስገባሃል፤ ማለትም ጉልበት ቀንሶ እያነከስክ ቤትህ እንድትደርስ ያደርግሃል።

ያንተ ግን እሱ አይመስለኝም። መጀመሪያ ስካነር አስደርገህ ና።

ባለ_ዶልፊን · ሰኞ ማታ 3፡44

ወንድም ጥቁር እጅ፣ ናፍጣ በር የለውም ያልከውን አልቀበልም። የኔም 1ኬዲ ነው። አየር መግቢያው ላይ ክብ መዝጊያ አለችው። በእጄ ፈትቼ በቤንዚን አጥቤያታለሁ።

ጥቁር_እጅ · ሰኞ ማታ 3፡52

ልክ ነህ፣ አለች። ሞተሩን ስታጠፋ እንዳይንዘፈዘፍ አየሩን ትዘጋለች። ለኢጂአርም ትረዳለች። ኢጂአር ማለት የተቃጠለውን ጭስ ከፊሉን መልሶ ወደ ሞተር የሚያስገባው ነው፤ የሚወጣውን መርዛማ የናይትሮጅን ጋዝ ለመቀነስ። ጉልበት ስትጠይቀው ግን መዝጊያዋ ክፍት ናት። እንደ ቤንዚን ቢራቢሮ እግርህን ተከትላ አትሄድም።

ያጠብካትን ጥላሸት አይተሃል አይደል? የኢጂአር ስጦታ ነው።

ጄዲኤም_ጣና · ሰኞ ማታ 4፡05

ተሸነፍኩ። ቀይ ሃይሉክስ፣ ቡና እገዛልሃለሁ።

ቀይ_ሃይሉክስ · ማክሰኞ ቀን 9፡20

ስካነር አስደረግሁ። ጋራዡን ስሙን አልጠራም። ሁለት ነገር ነገሩኝ።

አንደኛ፣ ፒ0299 የሚል ኮድ ወጣ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ኤምኤፒ ሴንሰሩን አዩ። 82 ያነባል። «ሞተር ጠፍቶ 100 መሆን አለበት፣ ሴንሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» አሉኝ። ዋጋውን ሰምቼ ቁጭ አልኩ። ልግዛ?

የፖሊ_ልጅ · ማክሰኞ ቀን 9፡31

እንዳትገዛ። ሴንሰርህ ጤነኛ ነው። ላብ ልገባ ነው፤ ማታ በዝርዝር እጽፍልሃለሁ።

ባለ_ዶልፊን · ማክሰኞ ቀን 10፡10

እኔ እስከ ማታ ሌላ ልጠይቅ። 1ኬዲ፣ 2ኬዲ፣ 1ኬዜድ የሚባሉት ምንድን ናቸው? ዘጠኝ ዓመት ሚኒባስ ስነዳ ዲፎርዲ የመኪናው ስም ይመስለኝ ነበር።

ጄዲኤም_ጣና · ማክሰኞ ቀን 10፡35

ይህቺን ለኔ ተዉልኝ፣ ትናንት የጠፋብኝን ክብር ላስመልስ።

ዲፎርዲ የመኪና ስም አይደለም። ናፍጣው በኮመን ሬል፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ በሚጋሩት ባለ ከፍተኛ ግፊት ቱቦ፣ ቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭበት የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ማለት ነው። ሃይሉክስም፣ ሃያስም፣ ፕራዶም ዲፎርዲ ሊሆን ይችላል።

የቶዮታ የሞተር ስም ከፊት ቁጥር አለው፣ ቀጥሎ የቤተሰብ ስም፣ ከሰረዙ በኋላ ባሕርዩ። 1ኬዲ-ኤፍቲቪን ውሰድ። ኬዲ ቤተሰቡ ነው፣ 1 የበኩሩ ልጅ። ኤፍ የካምሻፍትና (ቫልቭ የሚከፍተው ዘንግ) የቫልቭ አሠራሩ ነው። ቲ ቱርቦ። ቪ ኮመን ሬል ናፍጣ። 1ኬዲ 3.0 ሊትር ነው፣ 2ኬዲ 2.5። ከነሱ በፊት የነበረው 1ኬዜድ-ቲኢም 3.0 ነው፤ ቲ ቱርቦ፣ ኢ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የናፍጣ አረጫጭ። እሱ ዌስትጌት አለው። አሮጌው ላንድክሩዘር ላይ ያለው 1ኤችዜድ ግን 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ኤንኤ ነው። ቲ የለበትማ! ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ ደግሞ ቱርቦ ነው። ቲዋን ፈልጉ።

ኒሳንም ይመስላል። ልጆቹ የሚያብዱበት ኤስአር20ዲኢቲ፦ 20 ማለት 2.0 ሊትር፣ ዲ ሁለት ካምሻፍት፣ ኢ ኢንጀክሽን፣ ቲ ቱርቦ። አይሱዙም እንዲሁ። 4ኤችኬ1-ቲሲ ላይ 4 የሲሊንደሩ ብዛት ነው፣ ቲሲ ቱርቦና ኢንተርኩለር።

የቱርቦው የራሱ ስምም አለ። ጂቲ2860 ሲሉህ 28 የጭሱ ፋን የመጠን መደብ ነው፣ 60 ደግሞ የአየሩ ፋን የውጭ ስፋት በሚሊሜትር። ሲቲ26 የቶዮታ፣ ቲዲ04 የሚትሱቢሺ። ኤ በአር የሚሉት ደግሞ የቀንድ አውጣው ቤት (ፋኑ የሚቀመጥበት ጥምዝምዝ ቅርፊት) ምን ያህል ጠባብ ወይም ሰፊ እንደሆነ ይነግርሃል። በጭሱ ወገን ጠባብ ከሆነ ፈጥኖ ይነሳል፣ ላይ ሲደርስ ይታፈናል። ሰፊ ከሆነ በተቃራኒው።

ጥቁር_እጅ · ማክሰኞ ቀን 11፡00

ኤ በአርን ባህር ዳር ውስጥ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ስቴጅ 1፣ ስቴጅ 2፣ ፉል ቦልት ኦን የሚሉትም ተራ የሽያጭ ቃል ናቸው፤ አንዱ ሱቅ ስቴጅ 1 ያለውን ሌላው ስቴጅ 2 ይለዋል። ለኛ የምትጠቅመው ሲኤችአርኤ ናት። የቱርቦው መሐል፣ ዘንጉና ፋኖቹ ተያይዘው ለብቻ የሚሸጡት። እዚህ ካርትሪጅ እንላታለን። ቀንድ አውጣው ደህና ከሆነ ሙሉ ቱርቦ መግዛት ግዴታ አይደለም።

ያገለገለ ቱርቦ ስትገዙ ዘንጉን በጣታችሁ ይዛችሁ ነቅንቁት። ወደ ጎን ትንሽ ቢወዛወዝ አትደንግጡ፤ ዘይት ሲሞላው ይስተካከላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጣታችሁን ከገፋ፣ ወይም ፋኑ ግድግዳ ከነካ፣ አስቀምጡትና ሂዱ። ያየሩ ፋን ጫፍ ተሸርፎ ወይም ሳስቶ ካያችሁ አቧራ በልቶታል። ያ ሰውዬ ፊልትሮ ሳይቀይር ነው የነዳው።

የፖሊ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡10

መጣሁ። ቀይ ሃይሉክስ፣ 82 የሴንሰሩ በሽታ አይደለም። የከተማችን አየር ነው።

መጀመሪያ ሁለቱን ሴንሰሮች እንለያቸው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ማፕ፣ ያ ኤምኤፒ ያልከው፣ ግፊት ይለካል። ማፍ የሚገባውን የአየር ፍሰት ይለካል። ማፍን በ«ፍ» ያዙት፦ ፍሰት።

አሁን ወደ ግፊቱ። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በፈረንጆቹ መለኪያ 14.7 ፒኤስአይ፣ ወይም ትንሽ ከ1 ባር በላይ። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ የአየሩ ግፊት 82 አካባቢ ነው። ማፕ የሚያነበው ከባዶ ጀምሮ ሙሉውን ግፊት ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ያነበበው ባህር ዳርን ነው። 100 ቢያነብ ነበር የሚያሳስበኝ። ይህንኑ መኪና ደብረ ታቦር አቁመህ ቁልፍ ብትከፍት 73 አካባቢ ታገኛለህ። ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ብትወርድ ወደ 90 ይጠጋል። 100 መሆን አለበት ያለህ ሰው የተማረው ወደብ ዳር ከተጻፈ መጽሐፍ ይሆናል።

ዳሽቦርድ ላይ የሚተከለው የቡስት ጌጅ ግን ሌላ ነው። እሱ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሞተር ሲጠፋ ዜሮ ይላል። ስለዚህ ስካነር ላይ ያየኸውን ቁጥር ከጌጅ ጋር ለማወዳደር የአካባቢህን ግፊት መቀነስ አለብህ። ስካነሩ 180 ካለህ ከ82 በላይ ያለው 98 ነው፤ 14 ፒኤስአይ ገደማ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመኝ። ያው 180 ወደብ ዳር ቢሆን ከ101 በላይ ያለው 79 ብቻ ነው፤ 11 ፒኤስአይ ተኩል ያህል። ሞተሩ የሚያገኘው ግፊት አንድ ነው። የኛ ቱርቦ ግን አየሩን 2.2 ጊዜ ማመቅ አለበት፣ የነሱ 1.8 ጊዜ እንኳ አይሞላም። ማለትም የባህር ዳር ቱርቦ ለዚያው ሥራ የበለጠ ይዞራል፣ አየሩንም የበለጠ ያግላል። ኢንተርኔት ላይ «18 ፒኤስአይ ምንም አይለውም» ያላችሁ ልጅ ከየት ሆኖ እንደሚጽፍ ጠይቁት።

ኤንኤው ደግሞ ምስኪን ነው። የሚያመጣለት የለም። የአየሩን አንድ አምስተኛ ገደማ ገና ከመነሻው አጥቷል።

ቪትዝ_ብቻ · ማክሰኞ ማታ 2፡16

ሰምቻለሁ እህቴ። ልብሽ ይራራ።

ጄዲኤም_ጣና · ማክሰኞ ማታ 2፡25

ኤኤፍአርም 14.7 ነው አይደል? ከአየሩ ግፊት ጋር እኩል የሆነው ለዚህ ነው እንዴ?

የፖሊ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡38

አይደለም፣ አጋጣሚ ነው። ኤኤፍአር የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ነው። ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል ለ1 ኪሎ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አንዱ ክብደት በክብደት ነው፣ ሌላው ግፊት። ቁጥሩ ስለተመሳሰለ ብቻ የሚያምታታቸው ብዙ ነው።

ናፍጣ ደግሞ 14.7ን አይጠብቅም። ሁልጊዜ ከሚበቃው በላይ አየር ይዞ ነው የሚሠራው። አየሩ ሲያንሰው ናፍጣው ሳይቃጠል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቀይ ሃይሉክስ፣ አሁን ጭስህን አስብ። ፒ0299 ማለት ቱርቦው የተጠየቀውን ግፊት አልሰጠም ማለት ነው። ማፍ አየሩን ከመግቢያው ላይ ቆጠረው፣ ኮምፒውተሩ ለዚያ የሚሆን ናፍጣ አዘዘ፣ አየሩ ግን ሲሊንደሩ ጋ አልደረሰም። መንገድ ላይ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። ቡስት ሊክ ይሉታል።

ቪትዝ_ብቻ · ማክሰኞ ማታ 2፡41

ስለዚህ ገና ከመነሻው «ተርቦ» ሲል ልክ ነበር።

ጥቁር_እጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡55

ጎበዝ ልጅ ናት። እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኢንተርኩለሩን የሚያያይዙትን ማኒኮቶዎች (የጎማ ቱቦዎች) ከታች በኩል በእጅህ ዳብሳቸው። ዘይትና አቧራ የተለጠፈበት ቦታ ካገኘህ እዚያ ነው። ካላገኘህ ሳሙና በውኃ በጥብጠህ ቀባቸውና ሰው ከውስጥ ነዳጅ ይስጥልህ። አረፋውን ተከተል። ከፋኑና ከችንጋው እጅህን አርቅ፣ ነጠላም ሻርፕም አትልበስ።

ጋሼ_ናፍጣ · ማክሰኞ ማታ 3፡20

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ፊደሉን አላውቀውም። ቱርቦ ሲሞት ግን አይቻለሁ፤ ልንገራችሁ።

ቱርቦ ያለው አይሱዙ ይዤ ከጎንደር ጭኜ ወደ ባህር ዳር እመጣ ነበር። ቱርቦው ሰንብቷል ማፏጨት ከጀመረ። ዘይትም ይጎድላል። ለባለቤቱ ስነግረው «እስከ ገና ይቆይ» አለኝ። እንፍራንዝን እንዳለፍኩ ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ሞተሩ ጮኸ። እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ፣ ጩኸቱ ባሰ። ቁልፉን አጠፋሁ። ሞተሩ አልሰማኝም። በመስታወት ሳይ ከኋላዬ መንገድ የለም፣ ሰማያዊ ጭስ ብቻ ነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ዱላቸውን ጥለው ሮጡ።

ለካ ቱርቦው ተሰብሮ የሞተሩን ዘይት ወደ አየር መግቢያው እያፈሰሰው ኖሯል። ሞተሩ የራሱን ዘይት እየጠጣ ነው የሚሮጠው። እስኪያልቅ ወይም እስኪሰነጠቅ አይቆምም። ዳር ይዤ ቆምኩ። ረዳቴ ዘሎ ወርዶ ጎማ ስር ድንጋይ አደረገ። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ ትልቁን ማርሽ ከተትኩ፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ለቀቅኩት። መኪናው እንደ በቅሎ ዘለለና ሞተ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ረዳቴ የኮፈኑን ጭስ እያየ «ጋሼ፣ ገና ስንት ቀን ቀረው?» አለኝ።

ጄዲኤም_ጣና · ማክሰኞ ማታ 3፡28

ጋሼ፣ ይህ «ራንአዌይ» ይባላል።

ጋሼ_ናፍጣ · ማክሰኞ ማታ 3፡35

እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ያን ቀን ሌላ ስም ነበር የሰጠሁት።

ባለ_ዶልፊን · ማክሰኞ ማታ 3፡40

አውቶማቲክ ካምቢዮ ቢሆንስ ጋሼ? ፍሪሲዮን የለውም።

ጥቁር_እጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡49

ያኔ ትንፋሹን ነው የምታሳጣው። የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጣውላ ወይም በወፍራም ደብተር ጥርቅም አድርገህ መድፈን። በእጅ በፍጹም፤ ይስባል። ጨርቅም ይውጠዋል። መቅረብ ከፈራህ ሰዎቹን አርቅና ተወው። ሞተር ይገዛል።

ጋሼ ያነሱት ፉጨት ላይ ልጨምር። ድምጹ እንደ ፖሊስ ሳይረን ከፍ ዝቅ ማለት ከጀመረ ቱርቦው እየተሰናበታችሁ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው። ጥቁር ጭስ የአየር እጥረት ወይም የናፍጣ ብዛት ነው።

ሌላው ዳገት ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። ቱርቦው እንደ ፍም ግሏል፤ ዘይቱ ቆሞ ውስጡ ያርና ከሰል ይሆናል። አንድ ሁለት ደቂቃ በባዶ ይሥራ። ቱርቦ ታይመር ብለው የሚሸጡት ዕቃ ቁልፍ ከነቀላችሁ በኋላ ይህንን የሚያደርግላችሁ ነው። ከተማ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ከመጣችሁ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። በዛዊት ወጥታችሁ ፎቶ ልትነሱ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ አንዱን አንሱ፣ ከዚያ አጥፉ።

ቀይ_ሃይሉክስ · ረቡዕ ቀን 7፡05

አገኘሁት!

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወረድኩ። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ የምትሄደዋን ማኒኮቶ ከላይ ሳያት አዲስ ትመስላለች። ከታች ስዳብሳት ጣቴ ዘይት ነካ። በባትሪ አየሁ፣ ምንም የለም። ከዚያ በሁለት እጄ ጨበጥ ሳደርጋት እንደ አምባዛ አፍ ከፈት አለች። የጣት እርዝማኔ ያለው ቀዳዳ። ዝም ስትል ይገጥማል፣ ቡስት ሲመጣ ይከፈታል። ለዚህ ነው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚያዋርደኝ። የቀድሞው ባለቤት ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም፣ ስንጥቁን በማስቲሽ ለጥፎት ነበር።

አዲሷን ማኒኮቶ ከነማሰሪያዎቿ ከቢኦቪው ባነሰ ዋጋ አገኘኋት። ገጠምኩ። ኮዱን አስጠፋሁ። የፖሊ ልጅ፣ ቁልፍ ብቻ ከፍቼ ማፑን አየሁት፦ 82። ሰላም ብዬው ዘጋሁት።

የፖሊ_ልጅ · ረቡዕ ቀን 7፡30

ደስ ሲል! ደብረ ታቦር ስትደርስ ቁጥሩን አይተህ ጻፍልኝ፤ ለክፍል ልጆች ላሳያቸው።

ቀይ_ሃይሉክስ · ቅዳሜ ማታ 1፡40

ሰልስቱ ላይ ባለመድረሴ ዛሬ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ መጣሁ። ከወረታ በኋላ ያለው ዳገት ላይ 4ኛ ማርሽ ያዘልኝ። ጭስ የለም። ሲኖትራክ ቀደምኩ፤ ያው ይሁን ሌላ እንጃ፣ ግን እጄን አውለበለብኩለት። ደብረ ታቦር ስደርስ ሁለት ደቂቃ በባዶ አሠራሁት። አክስቴ «ምን ሆነህ ነው የማትወርደው?» ብላ በር ላይ ቆመች። ከዚያ አጥፍቼ ቁልፉን ከፈትኩ። ማፑ 73 አለ።

የፖሊ_ልጅ · ቅዳሜ ማታ 1፡44

ልክ 73! ስክሪኑን ፎቶ ካነሳህ ላክልኝ።

ጄዲኤም_ጣና · ቅዳሜ ማታ 1፡50

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ቡናው እንዳለ ነው። ቢኦቪውንስ ምን አደረግከው?

ቀይ_ሃይሉክስ · ቅዳሜ ማታ 1፡55

ሻጩ አልመልስም አለ። ከነካርቶኑ አልጋ ስር ነው። የሚፈልግ ካለ በግማሽ ዋጋ እሰጣለሁ።

ቪትዝ_ብቻ · ቅዳሜ ማታ 2፡02

ለቪትዝ ይሆናል?

ጥቁር_እጅ · ቅዳሜ ማታ 2፡04

ቪትዝህ ቱርቦ የለውም ስንልህ!

ቪትዝ_ብቻ · ቅዳሜ ማታ 2፡06

ተርቦ ግን ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ የቤንዚን ሰልፍ ላይ ነኝ።